በሳይንስ ዜና እንዴት ይቀለዳል፦ ከታይዋን ገበያ የተጻፈ መመሪያ

ድሬ ላይ የሳይንስ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐይዋ ሱቁን ሁሉ ታዘጋለች። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። የሚቅም ይቅማል፣ የማይቅም ሻይ ይይዛል፣ ከዚያ ዓለም ለፍርድ ትቀርባለች። ከሰማይ የሚመጣው ዐለት አስትሮይዱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ኤአዩ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ የመሬት መሰንጠቁ፣ ሁሉም እዚያው ፍራሽ ላይ ይታያል።

እኔ ታይዋን ስልክ እጠግናለሁ። ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን የኤሌክትሮኒክስ ገበያችን ነው፤ ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልግም። የተሰበረ ስልክ ሲመጣልኝ ባለቤቱ መጨረሻ ያየው ቪዲዮ አብሮ ይመጣል። ስፒከሩን ልሞክር ስል "አፍሪካ ለሁለት ተከፈለች!" የሚል ድምፅ ሱቁን ይሞላዋል። ስለዚህ የትኛው ወሬ የትኛው በርጫ ላይ እንደሚነሳ ከቃሚዎቹ ቀድሜ አውቃለሁ። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው ካለ ይምጣና ካውያውን ይረከበኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። "አንተ" እያልኩ ነው የምጽፈው። ድሬ ላይ አንቱ ብዙ አይሄድም፣ ለዶክተሩም ለሐጂውም አንተ ነው። ሴት ከሆንሽ ለራስሽ አስተካክለሽ አንብቢው፣ እኔም ሴት ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።

በል እንጀምር። ዋናው ሙያ ይሄ ነው፦ ርዕሱን ይዘህ አትምጣ፣ ቁጥሩን ይዘህ ና። ርዕሱን ሁሉም አይቶታል። ቁጥሩን ግን ሁሉም ዘሎታል። ቀልዱ የተቀመጠው ደግሞ እዚያ የተዘለለው ቦታ ላይ ነው።

ለምሳሌ የ50 ዓመቱ ባትሪ። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ ቤታቮልት የሚባል የቻይና ኩባንያ ያለ ቻርጅ 50 ዓመት የሚሠራ የኒውክሌር ባትሪ ሠራሁ አለ። ዜናው ውሸት አይደለም። ባትሪው ቢቪ100 ይባላል፣ ኃይሉን የሚያገኘው ኒኬል 63 ከሚባል ጨረር ከሚያወጣ የኒኬል ዓይነት ነው። ችግሩ እኔ ላይ ነው የመጣው። ባትሪው ያበጠበት ሁሉ "ያቺ የ50 ዓመቷ ገባች ወይ?" ይለኛል። አንዳንዱ ደብቄ የያዝኩ ይመስለዋል።

ዜናውን እስከ ታች ያነበበ ሰው አንዲት ቁጥር ያገኛል፦ 100 ማይክሮዋት፣ የአንድ ዋት 10 ሺህኛ ማለት ነው። ስልክህ ስክሪኑ በርቶ ሲሠራ፣ ቢያንስ ቢያንስ፣ ወደ 1 ዋት ይበላል። ስለዚህ 10 ሺህ ባትሪ ያስፈልግሃል ማለት ነው። የአንዱ መጠን 15 በ15 በ5 ሚሊሜትር ነው። አባዛው። 11 ሊትር ከምናምን ይመጣልሃል። እንግዲህ ያቺን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከግማሽ በላይ በባትሪ ሞልተህ ስልክህን አንገቷ ላይ ታስራለህ። ጥሪ ሲመጣ ጀሪካኗን ትሸከምና "ሃሎ" ትላለህ።

ይህን የነገርኩት አንድ የባጃጅ ሾፌር ምን አለኝ? "አቦ ምን ችግር አለው! ባጃጁ ላይ እጭነዋለሁ። 50 ዓመት ቻርጀር ስጠን ከሚሉኝ ተሳፋሪዎች እገላገላለሁ።" ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አትከራከር። ግን ልብ በል፣ ማንም አልዋሸም። ባትሪው ለትንንሽ ሴንሰር የታሰበ ነው፣ ለዚያ ጎበዝ ነው። እኛን ያሳቀን የራሱ ልክ ነው።

በነገራችን ላይ የድሬ ሙቀት ለስልክ ባትሪ ጠላት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ያረጃል። ስልክህን ትራስ ሥር ከተህ ቻርጅ አታድርግ። ይቺ ቀልድ አይደለችም፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው የጣልኳት።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው። ይቺ ዜና በየዓመቱ እንደ አዲስ ትመጣለች። አቀላለዷን ማወቅ ለድሬ ልጅ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ጠርዙ ላይ ነን።

መጀመሪያ እውነቱን ያዝ። የስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ አፍሪካን ከቀረው አፍሪካ እየለየ ነው፣ ይሄ ጥርጥር የለውም። አልፎ አልፎ ደግሞ ዝም ብሎ አይለይም። መስከረም 1998 ላይ አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቷል። አንዳንዱ ቦታ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ከታች የገባው ቅልጥ ዐለት ነው የገፋው። በ2017ም ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ በደረጃ ወርዷል። ስለዚህ "ውሸት ነው!" ብለህ አትጀምር፣ ወዲያው ነው የሚያዋርዱህ።

ከዚያ ቁጥሩን አውጣ። እዚህ እኛ ዘንድ፣ የስምጥ ሸለቆው ሁለቱ ወገኖች አማካይ መራራቅ በዓመት ወደ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ነው። በሺህ ዓመት 7 ሜትር። በሚሊዮን ዓመት 7 ኪሎሜትር። ቁጥሩን ስትናገር ቶሎ አትሳቅ። ዝም በል። አንዱ ራሱ ይጨርሰዋል። እኛ ጋ የጨረሰው በየክረምቱ የሚቆፈረውን የሰፈራችንን መንገድ እያየ የነበረ ሽማግሌ ነው። "ታዲያ ከዚህ አስፋልት በፊት ያልቃላ!" አለ።

ከዚያ ወደ ጂኦግራፊው ግባ፣ ጨዋታው እዚያ ነው የሚደምቀው። ድሬ የተቀመጠችው በምሥራቁ ደጋ ግርጌ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ ከሐረር ጋር ወደ ምሥራቅ ነው የምትሄደው። አዲስ አበባ ወዲያ ማዶ ትቀራለች። መሃሉ ባሕር ነው። አገሩ ሁሉ "ወደብ! ወደብ!" ሲል እኛ ደረቅ ወደብ ይዘን ነው የተቀመጥነው። ያኔ እንግዲህ ይረጥባል። የሚጠበቅብን ለጥቂት ሚሊዮን ዓመት ኮንቴነሮቹን ሳያንቀሳቅሱ መቆየት ብቻ ነው።

ይቺን ስትናገር ሐረሬ ካለ ይነሳብሃል። ይነሳብህ። "ከእናንተ ጋር መሄዳችን ነው የሚያሳዝነው" ማለቱ አይቀርም። "እኛ የጀጎል ግንብ አለን፣ ባሕሩ ይምጣ፣ እናንተ አሸዋ ላይ ምን ይዛችኋል?" ይልሃል። መልስ ከመስጠትህ በፊት ሻይ ቅዳለት። ስለ ሐረሬ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

"በ12 ሺህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚል ዜና ስትሰማ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አውጣ። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ስሙን ከዚያ በፊት ከአፋር ሰውና ከጂኦሎጂስት በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። በማግስቱ በርጫው ሁሉ "12 ሺህ ዓመት ተኝቶ!" ይል ጀመር። አንዲት ጎረቤቴ ቡና እየቀዳች፣ "ማን ቆሞ ቆጠረለት?" አለች። አለቀ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። ባለሙያዎቹ ያሉት እኮ ከ12 ሺህ ዓመት ወዲህ ፈንድቶ እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ የለንም ነው። ቦታው ሩቅ ነው፣ ብዙ አልተጠናም። ያልታየው ሁሉ ተኝቷል አይባልም።

የዚህ ዜና ቀልድ ያለው አመዱ ላይ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን አድርጎ፣ ፓኪስታንን አልፎ ሕንድ ገባ። ዴልሂ በረራ አሰረዘ። ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ኤምባሲ ሰልፍ። አንድ ልጅ ሱቄ ውስጥ ስክሪን እስካስገባለት ተቀምጦ፣ "የሦስት ወር ቀጠሮዬን ከምጠብቅ ሃይሊ ጉቢ ላይ ብቆም ይሻለኝ ነበር" አለ። ነፍስ ቀልድ ናት። ግን ልጁ ብልህ ነው፣ ወደ ሰማይ ነው የቀለደው። አፍዴራ በኩል አመዱ የከብቱን ግጦሽ ሸፍኖታል። ወደዚያ የዞረ ቀልድ አይጥምም።

ይሄ ነገር ድሬ ላይ ሲሆን ይከብዳል። በኤአይ በኩል ላምጣው።

ኤአይ ላይ ለመቀለድ በጣም ቀላሉ መንገድ አጠገብህ ስላለው ነገር መጠየቅ ነው። ስለ ጥቁር ጉድጓድ ብትጠይቀው ልክ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? ስለ ቀፊራ ገበያ ጠይቀው። ስለ ከዚራ ሰፈር ጠይቀው። አንዱን ኤአይ ስለ ደቻቱ ብንጠይቀው በጣፋጭ አማርኛ "ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውብ ወንዝ" ብሎ የጀልባ ሽርሽር ጋበዘን። ደቻቱ! አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ በእግርህ ነው የምትሻገረው። ቀጥለህ "እርግጠኛ ነህ?" በለው። ይቅርታ ይጠይቅና ተቃራኒውን በዚያው ልበ ሙሉነት ይነግርሃል። "መርቅኗል በሉት" አለ አንዱ። ምርቃና ላይ ስንት ፋብሪካ እንደተሠራ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ተረዳነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ካሉህ በአጭሩ መልስ። እሱ የሚሠራው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። በአማርኛ ያነበበው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስለ ድሬ ያነበበው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባዶ ሲሆንበት ዝም አይልም፣ ይሞላዋል። ወንዝ ከተባለ ውኃ፣ ውኃ ካለ ጀልባ። በዚህ ምክንያት የመድኃኒት መጠን አትጠይቀው፣ ሐኪም ጠይቅ። ቀልዱን ግን ጠይቀው።

የጀልባዋን ነገር አንድ ወጣት ልጅ አስረዘማት። ትኬት መቁረጥ፣ ካፒቴን መሾም ጀመረ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀና አሉና፣ "ጀልባ ያስፈለገበት ሌሊት ነበር። አንተ አልተወለድክም" አሉት። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ነው። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፣ ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጎርፉ ከላይ ይመጣል። ስለዚህ ክረምት ላይ የዝናብ ትንበያ ሲነበብ ቀልድህን ኪስህ አስቀምጥ። የሜትሮሎጂ ሰዎችን በጥር ተሳለቅባቸው፣ በሐምሌ አዳምጣቸው።

አስትሮይድ ከመጣ ግን ተዝናና። ጥሩው አስትሮይድ 2024 ዋይአር4 ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 2025 ላይ መሬትን የመምታት ዕድሉ 3.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ቀኑም ተቆርጦለት ነበር፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 በእኛ፣ በእነሱ 2032። ሊመታ ይችላል ከተባለው መስመር ውስጥ ኢትዮጵያ ነበረችበት! ደቡብ አሜሪካን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንን፣ እኛን፣ ሕንድን የሚነካ መስመር ነው። ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ጸሎት ያዘ። ሌላው ወገን ብድሩን አሰላ። "እስከ 2032 ከሆነ እቁቡን ልውሰድና ልጥፋ" ያለም አለ። ሦስተኛው፣ የማውቀው ቆጥቦ የደከመው ሰው፣ "3 በመቶ? ከኮንዶሚኒየም ዕጣ ይሻላል" አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ እሱን ካስረዳህ የጨዋታው አባት ትሆናለህ። ዕድሉ በየቀኑ ሲጨምር ከርሞ ድንገት ወደ ዜሮ ወረደ። ሰው "ደብቀውን ነው" አለ። አይደለም። የሱቅህ ቁልፍ ቀፊራ ውስጥ ከአሥር ሱቆች በአንዱ ጠፋብህ እንበል። አንደኛው ሱቅ "የለም" ሲልህ የቀሩት የያንዳንዳቸው ዕድል ከፍ ይላል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው "የለም" ሲሉ መጨረሻ ያለው ባለ ሱቅ በጣም ይጠረጠራል። ከዚያ ትደርስና እሱም ንጹሕ ነው፣ ቁልፉ ዘጠነኛው ጋ ተገኘ። መሬት እንደዚያ ባለ ሱቅ ነበረች። የአስትሮይዱ መንገድ በተለካ ቁጥር የሚጠረጠረው ቦታ ጠበበ፣ መሬት እዚያ ውስጥ ስለነበረች ድርሻዋ አደገ። ሲለካ ሲለካ መንገዱ ከእሷ ውጭ ሆነ። ያ እቁብ ሊወስድ የነበረው ሰውዬ አሁንም እየከፈለ ነው።

ስለ 5ጂ እና ስለ ጨረር አልጽፍም። ሰልችቶኛል።

ወደ ሐረሬው ልመለስ። ድሬና ሐረር የሚራራቁት ወደ 55 ኪሎሜትር ነው፣ ግን ቴክኖሎጂ ሲነሳ ዘመን ለመንጠቅ ይሻማሉ። አንተ የድሬ ልጅ ከሆንክ ሁለት ጥይት አለህ። አንደኛው ባቡር ነው። በ1895 ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም በሱ ተወለደች። ሁለተኛው ሳፋሪኮም ነው። ነሐሴ 2014 ላይ ኔትወርኩን ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ያበራው ድሬ ነው፣ አዲስ አበባ እንኳ ከእኛ በኋላ ነው ያገኘው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አትተኩስ። አንዱን ተኩስና ጠብቅ።

ሐረሬው የሚመልሰውን እኔ ልንገርህ፣ ስንቴ በልቼዋለሁ። ባቡሩን ስትለው፣ "የታሰበው እኛ ጋ ለመምጣት ነበር፣ ተራራው አልቻለለትም። ከተማችሁ ባቡር ደክሞት የተቀመጠበት ቦታ ናት" ይልሃል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ምን ታደርገዋለህ? ሳፋሪኮምን ስትለው፣ "ሞክረውባችሁ ነው፣ ሲሠራ ለሰው አመጡት" ይልሃል። እዚህ ጋ ሳቅ። ከልብህ ሳቅ። በጨዋታ የተሸነፈ ሰው ነገ ይጠራል፣ ተከራክሮ ያሸነፈ ግን አይጠራም። ከፈለግህ ሲወጣ "ጅባችሁ ዋይፋይ ገባለት ወይ?" ብለህ ሸኘው።

ስለ ሰዓት አንድ ምክር አለኝ። ቀልድህን ምርቃና ሳይገባ ጨርስ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያወራል፣ ማንም ስለማይሰማ አትልፋ። መካከሉ ላይ ጥሩ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁሉም ፈላስፋ ነው፣ የባትሪዋን ጀሪካን ብትነግራቸው ፋብሪካዋን ማቀድ ይጀምራሉ። አንዱ ከእኔ ብድር ጠይቆኛል።

"ሳይንቲስቶች አረጋገጡ" የሚል ሰው ካለ "የትኞቹ?" ብቻ በለው። በቁጣ ሳይሆን በሻይ። ብዙ ጊዜ ቲክቶክ ላይ ያየው ሰውዬ ነጭ ጋውን ለብሶ ነው ማስረጃው። ነጭ ጋውን እኔም መርካቶ ገዝቼ መምጣት እችላለሁ።

የሚመጣ ወሬ ቀድመህ አዘጋጅ። በደንብ የሚያበላህ አንድ አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ጨረቃዋ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የምትጋርድበት መስመር በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመን አድርጎ የሶማሊያን ሰሜናዊ ጫፍ ይነካል። መካ መስመሩ ውስጥ ናት፣ በቀን ትጨልማለች። ድሬ ላይ የሚታየው በከፊል ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ ደመና ካላበላሸው። ያን ቀን ሱቅ ዘግተን መቀመጣችን ሰበብ አያስፈልገውም። መስጊድ የግርዶሽ ሶላት ይኖራል፣ የሰፈር ትንቢት ተናጋሪም አይጠፋም። የከዚራ ዛፎች ሥር ደግሞ መሬቱን እይ። በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፈው ብርሃን ክብ መሆኑ ይቀርና እንደ ተገመጠች ፀሐይ ቅርፅ ይይዛል። ይቺን ቀድመህ "ዛሬ መሬት ላይ አንድ ሺህ ፀሐይ አሳያችኋለሁ" ብለህ ብትወራረድ ታሸንፋለህ።

ወደ ላይ ማየት ከፈለግህ ግን በባዶ ዓይን አይሆንም። የፀሐይ መነጽር አይሆንም። አያቶቻችን የተጠቀሙበት የራጅ ፊልምም አይሆንም፣ ጨለማ ይመስላል እንጂ ዓይን የሚጎዳውን ጨረር ያሳልፋል። ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ይሆናል፣ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ግን አትጠቀም። የግርዶሽ መነጽር ከገዛህ አይኤስኦ (ISO) 12312-2 የሚል የደረጃ ቁጥር ይኑርበት። ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፣ ታይዋን ላይ ማንኛውንም ጽሑፍ በአንድ ቀን የሚያትም ሰው አለ። ቤት ውስጥ አድርገውና አምፖሉን እይበት። አምፖሉ በደንብ ከታየህ መልስለትና ብርህን ተቀበል። የሚሸጠው ደግሞ የጎን ባለ ሱቅ ነው፣ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ስልክ ብቻ ነው የምጠግነው።